ጥቁር የለበሰው ቡድን

በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ የዩኒቨርሲቲውን የስፖርት ክፍል የዓመት ሥራ ዘገባ በጽሕፈት መኪና የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ጽሕፈት ተምሬ የገባሁበት የመጀመሪያ ሥራዬ ነው፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው። ዘገባው ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለወጥም። እግር ኳስ ይቀድማል፣ ሩጫ ይከተላል፣ ቅርጫት ኳስና መረብ ኳስ ከዚያ ይመጣሉ፣ በመጨረሻ ስለተቀደዱ ኳሶችና ስለጠፉ ጫማዎች ይነገራል።

ከአብዮቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አንድ ዓመት ለክፍላችን መልካም ሆነለት። የአገር አቋራጭ ሯጮቻችን ሱሉልታ ላይ አንደኛ ወጡ። እግር ኳሱ ለዋንጫ ደረሰ። የቅርጫት ኳሱ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ሲያሸንፉ ከርመው ቢሮ ሲመጡ በር አይበቃቸውም ነበር። ኃላፊያችን ያን ዘገባ ሲያጽፉኝ ከወንበራቸው ተነሥተው እየተንጎራደዱ ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ጻፍኩት። ለሴቶች መረብ ኳስ የደረሰው ግን አንዲት መስመር ናት፤ «ሁለተኛ» የምትል። ስለዚያ ቡድን የማውቀውን በሕይወት ሳለሁ ልጻፈው ብዬ ነው።

በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሴት ተማሪ ጥቂት ነበር። ከጥቂቶቹም ቁምጣ ለብሳ ሰው ፊት የምትቆም ይበልጥ ጥቂት ናት። ኃላፊው ብዙ ለምነው፣ አንዳንዷንም በወንድሟ በኩል አስለምነው ሰባት ሰበሰቡ። የበላዮቻቸው ደግሞ «ዓመቱን ከጨረሱ ይቀጥላሉ፤ መሀል ላይ ከተበተኑ የሴቶች ቡድን የሚባል ነገር ሁለተኛ እንዳይነሣብን» ብለዋቸዋል። ጥር ላይ አንዷ አገባችና ባልዋ ተዪው አላት፤ ተወችው። ስድስት ቀሩ። መረብ ኳስ ሜዳ የሚገባው ስድስት ሆኖ ነው። ከዚያ ወዲህ ከልጆቹ አንዷ ባስነጠሰች ቁጥር ኃላፊው ፊታቸው ይለዋወጥ ነበር።

ከስድስቱ ጠንካራዋ የሰበታ ልጅ ናት። ሰበታ የእኔም አገር ነው፤ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ እወጣለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። የእነሱ ቤትና የእኛ ቤት በአንድ ዕድር ነው። ቁመቷ ከአባቷ የመጣ ነው። አባቷ ዓለም ገና ላይ እህል የሚነግዱ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ኳስ ልጫወት ብላ ስትጠይቃቸው «ቁምጣው ጉልበት ይሸፍን እንጂ ተጫወቺ» ብለው ወደ ሚዛናቸው ተመለሱ። እናትዋን የጠየቀ አልነበረም።

የካቲት ውስጥ የአገር አቋራጩ ውድድር ሱሉልታ ሜዳ ላይ ተደረገ። ሴቶቹ ልጆችም ወንዶቹን ሊያበረታቱ ከኃላፊው ጋር በአውቶቡስ ሄደዋል። እኔ ቢሮ ነበርኩ። ረፋዱ ላይ ከሰበታ ስልክ መጣ። የልጅቷ አባት ጠዋት ሱቃቸው ውስጥ እንደቆሙ ወድቀው ዐርፈዋል። ቀብሩ እሷ እስክትደርስ ይቆያል፤ ማንም ግን እንዳይነግራት ተባለ።

በእኛ ዘንድ መርዶ በመንገድ አይነገርም። ሰው ቤቱ ገብቶ፣ ዘመድ ዙሪያውን ከቦት ነው የሚሰማው። የክፍሉን ሾፌር ጠራሁትና ላንድሮቨሩን አወጣ፤ እንጦጦን ተሻግረን ሱሉልታ ወረድን።

ስንደርስ ውድድሩ ሊያልቅ ነው። የእኛ ልጅ ብቻውን ከፊት ሆኖ በገብስ ማሳው ዳር ብቅ አለ። የአካባቢው ገበሬዎች በትራቸውን እያነሱ በኦሮምኛ ያበረታቱታል። ኃላፊው ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ወረወሩ። ባርኔጣቸውን ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ ነው ጆሯቸው ላይ የነገርኳቸው። ቀና ሲሉ ፊታቸው አመድ ሆኗል፤ ግን ልጅቷ እያየቻቸው ስለነበር ማጨብጨባቸውን ቀጠሉ።

«እትዬ፣ ቢሮውን ለማን ጥለሽው መጣሽ?» አለችኝ።

«አባትሽን ትንሽ አመም አድርጓቸዋል። እናትሽ ትምጣ ብለዋል፤ አብሬሽ ልሂድ ብዬ ነው።»

ሌሎቹ ልጆች ከእኔ ዐይን ተረዱት። አንዷ ብርቱካን ሰጠቻት፣ አንዷ ሹራቧን አወለቀችላት። ሾፌሩ ሌላ ጊዜ «ቁመትሽ ጣሪያዬን ይበሳዋል» እያለ የሚያስቃት ሰው፣ «ፊት ተቀመጪ እህቴ» ብሎ በሩን ከፈተላት። መኪናው ከተነሣ በኋላ ብርቱካኑን በእጇ እያገላበጠች፣

«ዛሬ ሁላችሁም ደግ ሆናችሁብኝ» አለች።

ዓለም ገና ስንደርስ የአባቷ ሱቅ ተዘግቷል። ሾፌሩ ፍጥነት ጨመረ። እሷ ግን አንገቷን አዙራ አየችው።

«የጎረቤቱም ተዘግቷል» አለች።

ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ፣ ዘቅዝቃ መልሳ ለበሰችው። ሰበታ እስክንገባ አላለቀሰችም። ሾፌሩ ነው ያለቀሰው።

ወደ ትምህርቷ ስትመለስ ጾሙ ገብቶ ነበር። ፀጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ራሷን በጥቁር ሻሽ አስራ መጣች። ክፍል ትገባለች፣ ቤተ መጻሕፍት ትገባለች፤ ልምምድ ላይ ግን ሜዳው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታያለች። አምስቱ ያለ እሷ ይለማመዳሉ። ውድድሩ ከፋሲካ በኋላ ነው። ኃላፊው ቢሮ ጠርተውኝ በሩን ዘጉ።

«አንቺ ያገራቸው ልጅ ነሽ። እናትየውን ጠይቂልኝ። እኔ ብሄድ ለኳስ ብሎ ኀዘንተኛ ቤት ገባ ይሉኛል።»

«እኔንስ ምን ይሉኛል ጋሼ?» አልኩ።

«አንቺንማ ያውቁሻል» አሉ፤ መልስ የሰጡ መስሏቸው።

አስቀድሜ ልጅቷን ጠየቅኳት። «እኔ አልጠይቃቸውም» አለችኝ። «እንቢ ካሉኝ እታዘዛለሁ። እሺ ካሉኝ ደግሞ ሰው የሚያማው እሳቸውን ነው።» ከዚያ «መጫወትስ እፈልጋለሁ» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው፤ አሳፋሪ ነገር እንደሚናገር ሰው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ልጅቷ ገና ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰችም፤ እናትየው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የዕድራችን ዳኛ አሉ፤ ሰፈሩ «ኦቦ ዳኛ» የሚላቸው፣ ሸምገል ያሉ ገበሬ ናቸው። ለዕድሩ ሥርዓት ቀናተኛ ነበሩ። ቀብር ላይ ዘግይቶ የደረሰ ሰው የእሳቸውን ዐይን ሸሽቶ በዛፍ ሥር ይቆም ነበር።

«አካም ኦልተን፣ ኦቦ?» ብዬ በኦሮምኛ እንዴት እንደዋሉ ጠየቅኩ።

«ነጋ። ግቢ፣ ቁጭ በይ።»

ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ትምህርቷ ተነጋገርን። ከዚያ የመጣሁበትን ተናገርኩ። እናትየው መጀመሪያ የሰሙ አልመሰሉም።

«ኳስ?» አሉ። «አባትዋ የፈቀደው ነው። እኔ ኳሱንም አይቼው አላውቅ።»

«ፈቃጅ ሲሞት ፈቃዱም አብሮ ይቀበራል» አሉ ኦቦ ዳኛ። «ልጅቱ ትዝለል። ኀዘኑንስ ማን ይዘንላት፣ ዕድሩ?»

«ነጭ ለብሳ ነው የምትዘለው?» ብለው ጠየቁኝ እናትየው።

ነጭ ሸሚዝና ነጭ ቁምጣ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«አባቷን ቀብራ ዓመት ሳይሞላ ነጭ ለበሰች ሲሉኝ የት እገባለሁ ልጄ?»

«እሷ ጥቁር ብትለብስስ?»

«አምስት ነጭ መሀል አንድ ጥቁር» አሉ። «ልጄን ጣት መቀሰሪያ ልታደርጊልኝ ነው የመጣሽው?»

ይህን ሲሉ አልተቆጡም። ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ተሰናብቼ ወጣሁ።

ሰኞ ቢሮ ለተሰበሰቡት ልጆች እንዳለ ነገርኳቸው። ልጅቷ አልነበረችም። ከስድስቱ ታናሽ የሆነች፣ አፏ የማያርፍ የአዲስ አበባ ልጅ ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፋ ስትሰማ ቆየችና፣

«ታዲያ ሁላችንም ጥቁር እንልበሳ» አለች።

«አንቺ ደግሞ» አለች ሌላዋ። «አባቴ በሕይወት አለ። ሟርት ሊሆንብኝ?»

«የእኔ እናት ብታይ ራሷን ትስታለች» አለች ሦስተኛዋ።

«የሰው ለቅሶ ስትሄጂ ጥቁር ትለብሺ የለ? አባትሽ ሞተ ወይ?»

«ለቅሶ ሌላ።»

«ይሄም ለቅሶ ነው። ኳስ የያዘ ለቅሶ።»

ሲከራከሩ ዋሉ። ሟርት የፈራችው ልጅ በመጨረሻ ከሸሚዟ ሥር ክታብ ደርባ እንደምትለብስ ተናግራ ተስማማች። ሰበቴዋ ልጅ ስትሰማ «አይሆንም» አለች፤ ግን ሸሚዞቹ በከረጢት ታጭቀው እኔ ዘንድ ነበሩ። ኃላፊው ልብሱ የመንግሥት ንብረት መሆኑን አስታወሱን። ከዚያ በመስኮት ወደ ሜዳው እያዩ «እኔ አላየሁም» አሉ።

ከረጢቱን ይዤ ሰበታ ወረድኩ። ያሰብኩት እዚያ ገበያ ቀለም ገዝቼ ቤቴ ልነክረው ነው። ግን ሳልነግራቸው ማድረጉ ከበደኝና በእናትየው ቤት በኩል አለፍኩ። ብቻቸውን ነበሩ።

«ስድስቱም ጥቁር ሊለብሱ ነው» አልኳቸው።

«ሌሎቹ ማን ሞተባቸው?»

«ማንም።»

ከረጢቱን ከፍተው አንዱን ሸሚዝ አወጡ፤ ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱ።

«እናቶቻቸው ያውቃሉ?»

«ሁሉም የሚያውቁ አይመስለኝም።»

ወደ ጓሮው አዩ። ጓሮ የራሳቸውንና የልጆቻቸውን ልብስ የነከሩበት ትልቅ ድስት ጥቁሩ እንደደረቀበት ተደፍቶ ነበር።

«አንቺ ትነክሪውና ዝንጉርጉር ይሆናል» አሉኝ። «ተዪው እዚህ።»

በር ድረስ ሸኙኝ። «አንድ ጨዋታ» አሉ። «ሰው ካማኝ ሁለተኛ የለም። ለልጅቷም እንዲሁ ንገሪያት።»

በሳምንቱ ሄጄ ተቀበልኳቸው። ልብሱ ጥቁር ሆኖ፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ ጠበቀኝ። የቁምጣዎቹን እጥፋት ሁሉ ተርትረው፣ ከታችም ጨርቅ ቀጥለው አስረዝመውታል። ልጆቹ ሲለኩት ሳቁ። «እናትሽ ቁምጣችንን ቀሚስ አደረጉት» አለች ታናሽቱ። ሰበቴዋ አልሳቀችም። የእሷን ይዛ ለብቻዋ ወደ ልብስ መቀየሪያው ገባች፤ ብዙ ቆይታ ነው የወጣችው።

ጨዋታው ቡራዩ ነበር፤ እዚያ ካለ አንድ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ሴቶች ጋር። እነሱ ቀን ከሌት ክር ላይ የሚቆሙ፣ ክንዳቸው የበረታ፣ ጨዋታቸው ከጩኸት ጋር የሆነ ሴቶች ናቸው። አምበላቸው ደልደል ያለች፣ የልጆች እናት ናት። ከሜዳው ዙሪያ ሠራተኛው ሁሉ ከበሮ ይዞ ተሰብስቧል። የእኛ ልጆች ከአውቶቡሱ ጥቁር በጥቁር ሆነው፣ አንዷም ፀጉሯን ተላጭታ፣ ተራ በተራ ሲወርዱ ከበሮው ቆመ።

ይህን አላሰብነውም ነበር። ከቢሮ እስከ ቡራዩ ስለ ሰበታ ሰው ብቻ ነው የተጨነቅነው። የቡራዩ ሰው ምን ያያል ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ተመልካቹ ኮፍያውን አወለቀ። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ሰላምታ ለመለዋወጥ መረቡ አጠገብ ሲሰለፉ የፋብሪካው ሴቶች እጅ አልጨበጡም፤ አንገት ደፍተው፣ ደረታቸውን እየነኩ፣ ከአንዷ ወደ አንዷ እያለፉ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አሉ። የእኛዎቹ ምን ያድርጉ? «እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ። ሟርት የፈራችው ልጅ ለአባቷ ነፍስ ይማር ሲባል ሰማች፤ አባቷ ያን ሰዓት መርካቶ ሱቁ ውስጥ ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ። ኳስ ሲመታ ይሰማል፣ ሌላ ድምፅ የለም። የፋብሪካው ሴቶች ኳሱን ለታመመ ሰው ውሃ እንደሚያቀብል ሰው ቀስ አድርገው ይመልሱታል። የመጀመሪያውን ዙር ያለ ድካም ወሰድነው። በዚያ ላይ ላቡ ሲመጣ ቀለሙ መልቀቅ ጀመረ። የልጆቹ ክንድ ጠቆረ፣ ነጩ ኳስ ግራጫ ሆነ፣ የጨዋታው ዳኛ እጁን አይቶ ኳስ አስቀየረ። ማንም አልሳቀም፤ በኀዘንተኛ የሚስቅ የለም።

በዕረፍቱ ሰበቴዋ ሜዳውን አቋርጣ ወደ አምበላቸው ሄደች። እኔም ውሃ ይዤ ስለነበር ተከተልኳት።

«እትዬ፣ ለምንድነው የማትመቱት?»

«እንዴት አድርገን እንምታችሁ እናቴ? ማን ነው የሞተባችሁ?»

«አባቴ።»

«የእነዚያስ?»

«እነሱ ማንም አልሞተባቸውም። እኔ ብቻዬን ጥቁር ለብሼ እንዳልታይ ብለው ነው።»

አምበሏ አምስቱን ልጆች አንድ በአንድ አየቻቸው። «እኔ ደግሞ የአንድ አባት ልጆች መስላችሁኝ» አለች፤ «በስንት እናት ይሆን እያልኩ።»

ልጅቷ ከየካቲት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ሳቋን በእጇ ሸፈነችው፤ እጇ አፏ ዙሪያ ጥቁር ቀለም ተወ።

«የለቅሶ ነጥብ አልፈልግም እትዬ» አለች። «አባቴም አይፈልገውም ነበር።»

«እንዲህ ከሆነ» አለች አምበሏ እጅጌዋን እየሰበሰበች፣ «እንግዲህ ቻይው።»

ሁለተኛውን ዙር ወሰዱብን። ከበሮው ተመለሰ፣ ስድቡም ተመለሰ። «እናንተ መጽሐፍ ገላጮች፣ ኳሱ አይነበብም» ይሉናል። የእኛዋ ታናሽም «እናንተ ደግሞ አትፍተሉት» ትላቸዋለች። ሦስተኛው ዙር ላይ ሰበቴዋ እንደዚያ ስትጫወት ከዚያ በፊትም በኋላም አላየኋትም። በሁለት ነጥብ አሸነፍን። ጨዋታው ሲያልቅ አምበሏ ግንባሯን ሳመቻትና ቤቷ የት እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ለምን እትዬ?»

«ሜዳ ላይ ነው ያጥናሽ ያልንሽ። ለቅሶ በሜዳ አይደረስም።»

እኔ ለወግ ያለችው መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ሳለሁ ከእነ ልጅቷ ቤት በኩል የዋይታ ድምፅ ተሰማ። እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ነጠላዬን አንሥቼ ሮጥኩ። «ደግሞ ማን ሞተ?» እያለ ሰው ከየቤቱ ይወጣል። ኦቦ ዳኛ በትራቸውን ይዘው፣ አንድ እግራቸው ጫማ ሳይገባ ደረሱ። በሩ ላይ የፋብሪካ የጭነት መኪና ቆሟል። የቡራዩ ሴቶች፣ ተጫዋቹም ደጋፊውም፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዳቦና ጠላ ይዘው፣ በሥርዓቱ ከበር ጀምረው እያለቀሱ እየገቡ ነው። ሰውየውን አንዳቸውም አያውቋቸውም። እናትየው ግራ ተጋብተው ቆመው ቆዩ፤ አምበሏ አንገታቸው ላይ ስትጠመጠም ግን እሳቸውም አለቀሱ። ልጅቷ ከጓዳ ወጣች።

ለቅሶው ጋብ ሲል ኦቦ ዳኛ መሀል ገቡ።

«ሟቹ በቡራዩ በኩል ዘመድ እንዳላቸው አላውቅም ነበር» አሉ። «በየት በኩል ነው ዝምድናችሁ?»

«ዘመድ አይደለንም አባባ» አለች አምበሏ ዐይኗን እየጠረገች። «ልጅቷ ያሸነፈችን ነን።»

«ምን አሸነፈቻችሁ?»

«በኳስ።»

ኦቦ ዳኛ ወደ እናትየው አዩ፣ ወደ ልጅቷ አዩ፣ በመጨረሻ ወደ እኔ አዩ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«አሸንፋችሁ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ልታለቅሱላት ከቡራዩ ድረስ መጣችሁ?»

«አባቷን ቀብራ፣ ኀዘኗን ለብሳ ነው የተጫወተችው። እኛ ያየነው ይሄን ነው።»

በሩ ላይ የተሰበሰበው ጎረቤት የኦቦ ዳኛን አፍ ይጠብቃል፤ እናትየውም እንዲሁ። እሳቸው በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ከዚያ ወደ በሩ ዞረው ጎረምሶቹን፣

«ምን ትገተራላችሁ? እንግዳ ቆሟል። የዕድሩን አግዳሚ አምጡ» አሉ።

የዕድሩ አግዳሚ ወንበር ያለ ዳኛው ቃል ከመጋዘን አይወጣም። ለሦስት ቀን ለቅሶ ይወጣል፣ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ለአንድ ቤት ዳግመኛ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ጎረምሶቹ እየሮጡ ሄዱ። የቡራዩ ሴቶች በአግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ጎረቤቱም ገባ፣ ዳቦው ተቆረሰ። እናትየው በእንግዶቹ መሀል እያለፉ «ብሉ እንጂ» ሲሉ ድምፃቸው የቤት እመቤት ድምፅ ሆኖ ተሰማኝ።

ማምሻውን ሴቶቹ ሲሄዱ ልጅቷ ለእናቷ «ቀለሙ እኮ ለቀቀ» ስትል ሰማሁ።

«ጨው አሳነስኩበት» አሉ። «ለሚቀጥለው አምጪውና እደግመዋለሁ።»

ለሚቀጥለው ማለታቸውን ሰኞ ጠዋት ለኃላፊው ስነግራቸው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

የመጨረሻው ጨዋታ ሰበታ ሆነ። ተጋጣሚዎቻችን ለመምህርነት የሚሠለጥኑ ልጆች ነበሩ፤ ከእኛ የተሻሉ ናቸው። የቡራዩ ሴቶች በጭነት መኪናቸው መጥተው ለእኛ ከበሮ መቱ። እናትየው ጥቁር ጥላ ይዘው፣ አምበሏ አጠገብ ተቀመጡ። ኀዘንተኛ ስለሆኑ አላጨበጨቡም፣ እልልም አላሉም፤ ኳሱ ወደ ልጃቸው በሄደ ቁጥር ግን ጥላው ከፍ ይል ነበር። ኦቦ ዳኛ ከኋላ ቆመው፣ ነጥብ እንዴት እንደሚቆጠር ከጎናቸው ያለውን ሁሉ ይጠይቃሉ። አንዱ ሲያስረዳቸው «ቶሌ፣ እሺ» ይላሉ፤ ወዲያው ሌላውን ይጠይቃሉ።

ተሸነፍን። ልጆቹ ዋንጫው ለሌሎቹ ሲሰጥ ቆመው አጨበጨቡ። ኃላፊው ወደ እናትየው ሄደው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ስለ ልጃቸው ሊያመሰግኗቸው ያዘጋጁት ቃል ነበራቸው፤ መንገድ ላይ ለእኔ ብለውልኛል። እናትየው ግን ቀደሟቸው።

«ተሸነፉ አይደል?»

«አዎ እሜቴ። እንዲያም ሆኖ ሁለተኛ ወጥተናል።»

«ደግሞ መቼ ነው የሚጫወቱት?»

«ለዘንድሮ አበቃ። እንግዲህ የሚቀጥለው ዓመት ነው፤ እግዚአብሔር ካለ።»

እናትየው ልጃቸውን አዩ። ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር መረቡን እየፈታች ነበር።

«ያኔ ሙት ዓመቱም አልፏል» አሉ። «ልብስ ስታሰፉ ነጩን አምጡልኝ፤ እኔ እሰፋዋለሁ። የእናንተ ሰፊ ጨርቅ ይሰስታል።»

ኃላፊው ያዘጋጁትን ቃል ሳይናገሩት ቀሩ። አባትየው ከሞቱ ወዲህ ልጅቷ ቅዳሜና እሑድን ከእናቷ ጋር ታሳልፍ ነበር፤ የዚያን ቀንም ቅዳሜ ነው። እናትየው ግን ጠርተዋት፣ ሻሿን አስተካክለውላት፣ «ከጓደኞችሽ ጋር ሂጂ፤ ተሸንፈው ብቻቸውን አትስደጃቸው» አሏት። አውቶቡሱ ሲነሣ ልጆቹ ይዘፍኑ ነበር። እኔ ቤቴ ሰበታ ስለሆነ አብሬያቸው አልሄድኩም። ከእናትየው ጋር በእግር ተመለስን። ጥላውን ለሁለታችን ዘረጉት። መንገዱን ሙሉ ስለ ጨዋታው ሲጠይቁኝ፣ የማላውቀውንም ስመልስላቸው ሄድን።